ወፍጮው የቆመልን ዕለት

ቦሌ ሚካኤል ባለው የጋራ ወርክሾፓችን፣ በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ተከልንና ለአንድ የሲኤምሲ ቪላ የታዘዝነውን ባለ አበባ ቅርጽ በር ጀመርን። ታዲያ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ወፍጮ በተነሳ ቁጥር የመብራቱ ኃይል ይወርድና ማሽኗ ቀጥ ትላለች። ጣውላው እየተበላሸ አንድ ብቻ ሲቀረን፣ እየፈራሁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ወፍጮው ሲነሳ ማሽናችን ይቆማል፤ የቀረችንን አንድ ጣውላ እስክንጨርስ ቢያቆሙልን?»

«ምነው እስካሁን ዝም አልክ፣ ልጄ!» አሉና አጠፉት።

በርበሬ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ይቆጡኛል ስል፣ አንዷ «በርበሬው የትም አይሄድም፤ ይልቅ ማሽናችሁን አሳዩን» አለች። እትዬን ጨምሮ ሁሉም ተከትለውኝ መጡ። አበባው አምሮ ተቀርጾ ሲያልቅ እልልታቸው ቤቱን ሞላው። እኔ ላመሰግን አፌን ስከፍት ዕንባዬ ቀደመኝ። እትዬ ዘነበች ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «በል፣ አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው» ብለው ወጡ።