ነቢዩ የሞተ ለት

እስራኤል አገር ራማት የዲዲም ባለው ሞዓዶናችን፣ ከኢትዮጵያ የመጣን የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች በምንውልበት ቤት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቄሳችን የጥንት ነቢይ ገድል ያነቡልናል፤ በግዕዝ አንብበው ባማርኛ ይፈቱታል። እዚህ ተወልዳ ያደገችው የሞዓዶኑ ኃላፊ ሺራ ግን "ንባብ ያሰለቻችኋል" ብላ የዚያኑ ነቢይ ታሪክ በትልቅ ቴሌቪዥን ፊልም አሳየችን። ነቢዩ ሲሞት እኛ ሱፍ እየቆረጠምን አየነው። ዝም ብለን ስናይ ደስ ያለን መስሏት፣ "ከእንግዲህ ንባቡ ቀርቶ ፊልም ይሁን" አለች። "ቄሱ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ማን አባቱ ነው የሚያስቀርብን?" አልኳት። ምላሴን ስለምታውቀው አንድ ማክሰኞ ታገሰችን።

በዚያው ማክሰኞ ቄሱ የነቢዩ ነፍስ ከምትወጣበት ደረሱ። አገራችን ሳለንም ልማዳችን ነውና ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ደረታችንን እየደቃን አለቀስን። እኔማ ሙሾ አወጣሁ። ሺራ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች።

"ሳብታ፣ ማን ሞተ?" አለችኝ፤ ሳብታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው።

"ነቢዩ።"

"እሱማ ባለፈው በፊልሙም ሞቷል! ያኔ ሱፍ ስትበሉ አልነበር እንዴ?"

"ያኛው ተዋናይ ነው፣ ልጄ። በማግስቱ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ መኪና ሲሸጥ አይቼዋለሁ።"

ቄሱ ሳይቀሩ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሺራ ቆማ አየችንና ስልኳን ኪሷ ከተተች።

"እሺ፣ ፊልሙን ልተወው?" አለች።

"ተይው። አሁን ነጠላ ተውሰሽ ቁጭ በይ፤ ገና አልቀበርነውም" አልኳት።