የማይጎተት ትከሻ

አቶ ዳኘው ልጅ ሳሉ፣ ወገራ ውስጥ፣ ከግድግዳ ማዶ የሰሙት ንግግር ነበረ። አባታቸው ወጌሻ ነበሩና ትከሻውን ይዞ የሚያቃስተውን እንግዳ ሰው፣ «ወዲያው ካልተጎተተ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ለዘለዓለሙ ነው» ሲሉት ሰሙ። ሰውየው ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ ምን አግኝቶት እንደ መጣ ዛሬ ትዝ አይላቸውም። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት ግን እስካሁን ከጆሯቸው አልወጣም።

እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ሙቀቱ በሚያቃጥልበት በነሐሴ ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከረሖቮት ወደ መዝከረት ባትያ በሚሄደው አውቶቡስ ያሳፈረቻቸው ይህችው ግማሽ ትዝታ ናት።

አቶ ዳኘው ራሳቸውም ወጌሻ ናቸው። በሚኖሩበት ሰፈር፣ በክፋር ግቢሮል፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ጣቱ የወለቀበት ሁሉ ደጃቸውን ያውቀዋል። አሁን ግን የገዛ ቀኝ ትከሻቸው ከፋሲካ ወዲህ አልታዘዝ አላቸው። መጀመሪያ ወጋቸው፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ነሳቸው፤ በመጨረሻም እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልነሣ አለና ሸሚዛቸውን የሚያለብሷቸው ባለቤታቸው ከበደች ሆኑ። በሻሽ አስረው ሁለት ወር ቢያሳርፉት ጭራሽ ባሰበት። ከሕመሙ ይልቅ ግን «ወጌሻው የራሱን እጅ አጣ» መባሉ ነበር የሚያስጨንቃቸው። ስለዚህ ሰው ሳያያቸው፣ መዝከረት ባትያ የሚኖረው ጉልበተኛው የእኅታቸው ልጅ ኒቭ እንዲጎትትላቸው ተቀጣጠሩ።

አውቶቡሱ ላይ እንደ ወጡ የጉዞ ካርዳቸው ከኋላ ኪሳቸው ነበርና እጃቸው አልደርስ አላቸው።

«ኑ፣ አዶኒ!» አለ ሾፌሩ በዕብራይስጥ፤ «ቶሎ በሉ፣ ጌታዬ» ማለቱ ነው።

«እኔ እከፍላለሁ» አለች ከኋላቸው አንዲት ወጣት። የጎረቤታቸው የይታይሽ ልጅ ኤንባል ነበረች፤ በኩፓት ሆሊም፣ በሰፈሩ የጤና መድን ክሊኒክ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም የምታክም ባለሙያ ናት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ ዳኘው፣ ትከሻዎን ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ብርድ ቢጤ መትቶኝ ነው።»

«በነሐሴ?»

«የማዝጋን ብርድ ነዋ! ይኸው ማቀዝቀዣው እቤታችን ቀን ከሌት እየነፋ!»

ኤንባል ሳቀች። ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው መዋሸት ከበዳቸውና ነገሯት። ሳቋ ጠፋ።

«ኒቭ? ከጂም የማይጠፋው ኒቭ? እሱ እኮ በር ሲከፍት እጀታውን ነቅሎ ነው የሚገባው!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አጥንት ስመልስ እናትሽ ገና አላገባችም ነበር።»

«አውቃለሁ። የእኔንም ክርን የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በሙያዎ ልጠይቅዎ። ወድቀዋል?»

«አልወደቅሁም።»

«የተመታ፣ የጎደጎደ፣ ከቦታው የወጣ ነገር አለ?»

«ዳብሼዋለሁ፤ የለም።»

«ታዲያ ያልወለቀውን ኒቭ ወዴት ነው የሚመልሰው?»

አቶ ዳኘው በግራ እጃቸው ትከሻቸውን ዳበሱ። ሰው ከማያውቀው ነገር ይልቅ በሚያውቀው ቢጠየቅ ቶሎ ይመለሳል። ያ የወገራው ሰው ከበቅሎ ወድቆ፣ ትከሻው ወልቆ ይሆን? ዕድሜ ልካቸውን አንድም ቀን ይህን አልጠየቁም ነበር።

«ታዲያ ምን ነካኝ?» አሉ በቀስታ።

«በዕብራይስጥ ‹የቀዘቀዘ ትከሻ› ይሉታል።»

«ብርድ ነው አላልሁሽም!»

«ስሙ ነው እንጂ ብርድ አላመጣውም። መገጣጠሚያውን የሚያቅፍ ስስ ከረጢት አለ። እሱ ይቆጣል፤ ይወፍራል፤ ከዚያ ይኮማተራል። ፀሐይ ላይ እንደ ተረሳ ቆዳ ይቁጠሩት።»

«ቆዳማ አርሰው ይጎትቱታል።»

«በስንት ቀን? በአንድ ጊዜ በጉልበት የጎተተውስ?»

«ይቀድደዋል» አሉ ሳያስቡት። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ደነገጡ።

«ትከሻም እንዲሁ ነው። ጅማት ይበጠሳል፤ አጥንትም ሊሰበር ይችላል።»

«በሻሽ ማሰሬስ?»

«ሲያም ማንም ያስራል፤ አይዘኑ። ግን ካልተንቀሳቀሰ ይብስ ይተሳሰራል።»

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይድናል?»

«አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። ግን ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሐኪም መጀመሪያ ሌላ ሕመም አለመሆኑን ያያል፤ ማስታገሻ ይሰጣል፤ ካስፈለገም መርፌ ይወጋል። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣሉ። በሙቅ ፎጣ አሙቀን፣ ጠረጴዛ ተደግፈው እጅዎን እንደ ገመድ ያወዛውዛሉ፤ ጣትዎን በግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ያስወጣሉ። በየቀኑ፣ ጥቂት በጥቂት። ሸሚዝዎን ራስዎ የሚለብሱበት፣ በዚያ ጎንዎም የሚተኙበት ቀን ይመጣል። ከመርፌው በፊት ግን ደምዎ መታየት አለበት። ይህ ሕመም ስኳር ያለበትን ሰው ይወዳል፤ መርፌውም ስኳርን ለጥቂት ቀን ከፍ ያደርጋል።»

አቶ ዳኘው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የሰፈሩ ሐኪም የደም ምርመራ ማዘዣ ከሰጣቸው አራት ወር አልፏል፤ ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። መጎተቱን የመረጡትም ጩኸት እንጂ ደም ስለማይጠይቅ ነው።

«ስኳር የለብኝም።»

«ማን አይቶ?»

«ወንድሜን ‹ስኳር አለብህ› ባሉት በዓመቱ እግሩን ቆረጡት፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ባይነግሩት ኖሮ!»

«ነፍስ ይማር። ወንድምዎ ሐኪም ቤት የሄዱት መቼ ነበር?»

«እግሩ ቆስሎ፣ ቁስሉ አልድን ሲል።»

«እንግዲህ እግራቸውን የወሰደው መታወቁ ነው ወይስ መዘግየቱ?»

አቶ ዳኘው የታጠፈውን ማዘዣ ከኪሳቸው አወጡ። ፈጣሪ ለሰው ሕመምን ሲያሳየው ለማስጨነቅ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ሳያልፍበት እንዲነሣም ነው። ስኳር በጊዜ የታወቀለት ሰው በምግብና በመድኃኒት እየጠበቀው ልጆቹን ይድራል፤ የሸሸውን ግን በሽታው ቀድሞ ይጠብቀዋል።

አውቶቡሱ መዝከረት ባትያ ሲገባ ስልካቸው ጮኸ።

«ዶድ ዳኘው፣ አጎቴ፣ የት ደረሱ? ያላ፣ ይፍጠኑ፤ ሰውነቴን አሟሙቄ እየጠበቅሁዎት ነው!» አለ ኒቭ።

«ኒቭ፣ ዛሬ አትጎትተኝም።»

«ፈሩ እንዴ?»

«አዎን፣ ፈራሁ» አሉ። ይህን ቃል ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ወደ ኤንባል ዞረው፣ «ሳይወድቅ ትከሻው የተያዘ ሰው ከእንግዲህ ደጄ ቢመጣ ወደ አንቺ እልከዋለሁ» አሏትና ወደ ስልኩ ተመለሱ። «ስማ፣ ጉልበትህን ለእሑድ አቆየው። የቅዳሜ ሰንበት ሲያልፍ፣ እሑድ በጠዋት፣ ምንም ሳልቀምስ ኩፓት ሆሊም ሄጄ ደሜን እሰጣለሁ። መኪናህን ይዘህ ና።»

«ቤሰደር፣ እሺ። እኔ ምን ልሠራ?»

«መርፌው ሲገባ ግራ እጄን ያዝልኝ።»