ሴንታ የወረደ ዕለት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሴንታ ወረደብን። ሴንታ የምንለው ከመዳብ ማቅለጫው የሚወጣውን የድኝ ጭስ ነው፤ ጉሮሮ አንቆ ይይዛል። ገበያተኛው ደረቅ ዓሣውን ሸፋፍኖ ተበተነ። የሱቄን በር ልዘጋ ስል አባባ ካፔምብዋ የልጅ ልጃቸውን ካሱባን አቅፈው ዘው አሉ፤ ኬሚስትሪ የሚማረው ቾምባም ተከትሏቸው ገባ። ወይ ጣጣ! ከማስተማር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ አንድ ቤት ከገቡ ክርክር እንደማይቀር አውቃለሁ።

“ሙሶንዳ፣ ቶሎ በይ፣ ወተት!” አሉኝ አባባ። የልጅቷ ደረት ሲር ሲር ይላል።

“ወተት ምን ያደርግላታል፣ አባባ?” አለ ቾምባ።

“ሴንታን ያጥባላ! ምድጃው ላይ ስንሠራ በየፈረቃው ይሰጡን ነበር። አንተ የት ታውቀዋለህ!”

“ወተቱ የሚወርደው ሆዷ ውስጥ ነው፤ ጭሱ ያለው ሳንባዋ ውስጥ። ይልቅ የምትስበውን መድኃኒት ይስጧት።”

እያጉረመረሙ ሰጧት። እኔ ከመስኮቱ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ፋብሪካው ውስጥ ጭሱን የሚይዘው መሣሪያ ከተበላሸ ሰንብቷል። ፋብሪካው፣ እስኪጠገን ያለ እሱ ማቅለጤን ልቀጥል ብሎ የሰፈሩን ፈቃድ ጠይቋል። ከሰዓት በኋላ በስብሰባው የሰፈሩን መልስ የሚሰጡት አባባ ናቸው።

“እሺ ሊሉ ነው አሉ?” አለ ቾምባ።

“እላለሁ! የዚህች አባት የሚሠራው እዚያ አይደለም? ምድጃው ከቆመ ደመወዝ የለም። ጭሱ እንጀራችን ነው። በዚሁ ጭስ አደግን፤ ማን ሞተ?”

“በሳል ያለቁትን ጓደኞችዎን ማን ቀበራቸው?”

“አንተ! አፍህን ያዝ!” አልኩት ደንግጬ።

“ይቅርታ፣ አባባ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጭሱ እንጀራ ከሆነ ማርከሻ ብለው ወተት ለምን ሰጧችሁ? ለእንጀራ ማርከሻ ይሰጣል እንዴ?”

አባባ የካሱባን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። “እንደሚጎዳን ያውቁ ነበር ማለት ነው” አሉ። አንጀቴን በሉት።

“ያ መሣሪያ የተተከለው እኮ ለዚሁ ነው” አለ ቾምባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ድሮ ላያችን ላይ ይበተን የነበረው ጭስ፣ መሣሪያው ሲይዘው አሲድ ሆኖ ይሸጣል፤ በአሲዱ ከድንጋይ መዳብ ያወጡበታል። ስንት ሰው ሥራ አገኘበት! መሣሪያው ሲሠራ የጣሪያችን ቆርቆሮ አልተበላም፤ ጓሯችን ጎመን አበቀለ። ካሱባስ?”

“ካሱባማ ትሮጥ ነበር።”

የለመዱት ክፉ ደግ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚጎዳውን ነገር ራሱ ቆሞ የሚከራከርለት።

በስብሰባው አባባ ተነሡ። “መሣሪያው ይጠገን፤ እስከዚያ ምድጃው ይጥፋ” አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊት የተቀመጠው ልጃቸው፣ የካሱባ አባት፣ ብድግ አለ።

“አባዬ፣ እኔስ ምን ልብላ?”

“እኔ ቤት ና፤ ያለችውን የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማዋን፣ ተካፍለን እንበላለን። ለልጅህ ግን ትንፋሼን ላካፍላት አልችልም።”