ለኮርያ የሚሄድ ፎቶ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰሜን ኮርያ ፊልም እማር ነበር። እዚያ በሚካሄድ ፌስቲቫል ላይ ተማሪዎች በአጭር ፊልም ስለሚወዳደሩ፣ ለእረፍት ስመጣ ሙጃ የምትባለውን የገጠር ከተማ ገበያ ልቀርጽ ወጣሁ። ገና ካሜራውን ሳወጣ ጎረምሶቹ በሙሉ ድራሻቸው ጠፋ! ለውትድርና የምመለምል መስያቸው ነው። ገብስ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳይነሱ ከላይ እስከ ታች ያዩኛል።

“ለማን ነው የምታነሳው?” አሉኝ።

“ኮርያ ውስጥ ላለ የተማሪዎች ውድድር ነው፣ አባቴ።”

ኮርያ ስል ፊታቸው ተለወጠ። “ታላቅ ወንድሜንም በጃንሆይ ጊዜ ለኮርያ ብለው ነው የወሰዱት።”

“እሱ ጦርነት ነበር። እኔ ሰው አልወስድም፤ የሚሄደው ፎቶ ብቻ ነው” አልኩ፣ ላረጋጋቸው ብዬ።

“ከወንድሜም የተመለሰልን ፎቶው ብቻ ነው” አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።