ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይጻፍ አልቀመጥም

ጂንካ ላይ ስለ ጤና መድን ለመወያየት ስብሰባ ተጠራን። እኔ መምህርት ነኝ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ አለብኝ። አንድ ሰሞን እግሬን ይይዘዋል፣ ሌላ ጊዜ ዓይኔን ይጋርደዋል፣ ደግሞ ይተወኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው አያምነኝም። ተነሥቼ ሕመሜን ካስረዳሁ በኋላ፣ መድኃኒቱ በመድኑ ዝርዝር ውስጥ ይግባልን፣ የነርቭ ሐኪምም አልፎ አልፎ ይላክልን አልኩ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «መምህርት፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው። በእኛ ዞን አንድም ታማሚ ሪፖርት አልተደረገም» አለኝ።

«የሚመረምር ከሌለ ማን ሪፖርት ያደርጋል? እኔም ያወቅኩት አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» አልኩት።

«እሺ፣ እናየዋለን። ይቀመጡ።»

«ሳይጻፍ አልቀመጥም።»

እግሮቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ የፊቴን ወንበር በሁለት እጄ ያዝኩ። ይሄኔ ከሃና ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። «የኔም ሴት ልጅ እንደዚች መምህርት ነው የሚያደርጋት» አሉ። «ዓይኗ ጠፋ፣ ተመለሰ። ከዚያ እግሯ ከዳት። እኛ እርግማን ነው ብለን በሬ አረድን። በሽታ ከሆነ እኔም አልቀመጥም።»

ሰብሳቢው ሁለታችንንም አየና ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፣ «ጻፊው» አላት። ጮክ ብላ እንድታነብልን ጠየቅኳት፤ አነበበችልን። ያኔ ተቀመጥኩ።

መድኃኒቱ እስካሁን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የሽማግሌው ልጅ ግን በሪፈር አዲስ አበባ ሄዳ የበሽታዋን ስም ይዛ ተመልሳለች። አሁን ለክልል የላክነውን ማመልከቻ የፈረምነው ሁለታችን ነን።