ጋሼ አስርለኪና የኦቨርሎኩ ምላጭ

ዝናቡ ባያባርረኝ ኖሮ ወደዚያች ስፌት ቤት አልገባም ነበር። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ያልጠየቁኝን መምከር ስለምወድ ጎረቤቶቼ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። የዚያን ቀን ግን መሸሻ አልነበረም።

የቤቱ ባለቤት በሰፈሩ «ጋሼ አስርለኪ» የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። አስር ጊዜ ሳይለኩ አይቆርጡም። አብራቸው የምትሠራው የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው አሳድገዋት፣ ስፌት ተምራ የተመረቀች፣ ከነገ ወዲያ የምታገባ። ጠረጴዛው ላይ እናቷ የተወችላት ሺፎን የሚባል ስስ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። የሠርጓ ዓይነ ርግብ እሱ ነው፤ ጠርዙ ግን መተርተር ጀምሯል።

ጥግ ላይ አንሶላ የለበሰ ነገር አይቼ ምንድን ነው አልኩ።

«ኦቨርሎክ የሚሉት የስፌት መኪና ነው፣ መምህር» አለች ልጅቷ። «ጠርዙን እየቆረጠ፣ እየጠቀለለ፣ በክር እየሸፈነ ይሰፋል። ጋሼ ግን ጅብ የታሰረ ይመስል ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስነኩኝም።»

«አልፈራሁም!» አሉ ሽማግሌው። ፈርተዋል ያላቸው ሰው አልነበረም።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መቀስ ቁረጥ ስለው ይቆርጣል፣ ቁም ስለው ይቆማል። የዚህ መርፌና ምላጭ ግን አብረው ነው የሚሮጡት። እግሬ አንዴ መርገጫው ላይ ቢከብድ የእህቴን ጨርቅ ይበላብኛል። የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል?»

«ታዲያ የሚተረተረውን ምን ያደርጉታል?»

«በሻማ እለበልበዋለሁ። ክሩ ቀልጦ ይያያዛል፣ አለቀ። አርባ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።»

ዙሪያዬን አየሁ። የጨርቅ ቁርጥራጭ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል፤ መስኮቱ ብረት አለው፤ በሩ አንድ ነው፣ እሱም በዝናቡ ምክንያት ተቀርቅሯል። ሻማዋ ከቁርጥራጩ ክምር አንድ ስንዝር ርቃ ቆማለች። ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ደግሞ የምፈራው ሻማውን ነው፣ ጋሼ። ጠዋት ስመጣ መጀመሪያ የማሸተው ጭስ ነው። አንድ ቀን እዚህ ቁርጥራጭ መሃል አመድ ሆነው እንዳላገኝዎት እያልኩ ነው በሩን የምከፍተው። እናቴን ቀብሬያለሁ። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

ሽማግሌው ሜትራቸውን አንስተው ሺፎኑን መለካት ጀመሩ፤ በአንድ እጅ። ግራ እጃቸው ከገባሁ ጀምሮ ከኪሳቸው አልወጣም። ሜትሩ ተንሸራተተ፣ ደግሞ ተንሸራተተ።

«ሌላው እጅዎ የት ሄደ?» አለች ልጅቷ።

«በርዶኝ ነው።»

ልትረዳቸው የጨርቁን ጫፍ ስትይዝ በክርናቸው ተጭነው ያዙባት። ቀስ ብላ ሳበችው። ከእጥፋቱ ሥር አንዱ ጠርዝ ጥቁር ሆኖ፣ ተጨማዶ ወጣ።

ልጅቷ የተቃጠለውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ሳትመጪ ልጨርሰው ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሻማው ዘንበል አለና ያዘው። በእጄ ጨፍልቄ አጠፋሁት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ደበቅኩሽ፤ ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። የእናትሽን አደራ በላሁ፣ ልጄ።»

እሷ ጨርቁን ለቅቃ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጣች። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ አብጧል። እኔም አላስችል ብሎኝ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩ፤ ሁለቱም በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ።

«የተቃጠለው ምን ያህል ነው፣ ጋሼ?»

«ግማሽ ጣት። አስር ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

ሳቅ ያዛት፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «እንግዲያው ምላጩ የሚቆርጠውም እሱኑ ነው።»

አንሶላውን ገፈፈችው። መጀመሪያ ከወለሉ የሺፎን ቁራጭ አንስታ መርፌው ሥር አስገብታ፣ እሳቸውን አስቀምጣ፣ መርገጫውን ሳይነኩ የጎኑን መዘውር በደህናው እጃቸው እንዲያዞሩ ነገረቻቸው። አንድ ስፌት፣ አንድ ቆረጣ። እጃቸውን አቆሙ፤ ምላጩም ቆመ። ደግመው አዞሩ።

«ቁም ስለው ቆመ!» አሉ እንደ ልጅ።

ከዚያ እሷ ቁጭ ብላ ሺፎኑን አስገባች። ሽማግሌው ትከሻዬን ጨምድደው ያዙ። መኪናው ሲያጓራ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጥቁሩ ጠርዝ ረጅም ቅዳጅ ሆኖ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ በቦታው ብርማ ክር የተጠቀለለበት ቀጭን ጌጥ ይታያል። ሌሎቹንም ሦስት ጎኖች እንዲሁ አዞረቻቸው።

ጋሼ አስርለኪ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አንገታቸው ላይም አሻሹት። «እርስዎ የፊደል ሰው ነዎት፣ ለሌላው ልብስ ሰፊ ይጻፉልኝ» አሉኝ። «አይተረተርም፤ በሻማ እንደተለበለበው ጠርዝ አንገት አይቧጭርም፤ እጥፋቱ ራሱ ጌጥ ነው። ደግሞ አዲስ መኪና ሲገባ መጀመሪያ በቁራጭ፣ በእጅ እያዞሩ ይልመዱት። ሁለት ቀን ቀድሜ ሰምቻት ቢሆን ይህ እጅ ባልተቃጠለ!»

ሻማዋን አንስተው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፤ መብራት ሲጠፋብኝ እንድጠቀምባት።

ልጅቷ መዳፋቸውን በንጹሕ ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። «ከነገ ወዲያ ከቤት ይዘውኝ የሚወጡት በዚህ እጅ ነው» አለቻቸው። «ኪስ ውስጥ እንዳይከቱት።»