ለሳሎን የተሠራ ምድጃ

አቶ ወልደአማኑኤል ለባለቤታቸው የአቦምሳ መኪና ወንበር ሊይዙ ወደ አሰላ መናኸሪያ ሲወጡ፣ ከጭላሎ ተራራ የወረደው የሐምሌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸው። ከአንድ የሚስማርና የቆርቆሮ መሸጫ ደጃፍ ተጠግተው ቆሙ። እዚያው ጥላ ሥር አንዲት ወጣት የጃኬቷን ውኃ ታራግፋለች። ከሳጉሬ ሚኒባስ መውረዷ ነው። ቀና ስትል አወቀቻቸውና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሮሐ ናት፤ የቀድሞ ጎረቤታቸው የአቶ ጌትነት ልጅ። የቤት ንድፍ ተምራ ተመልሳ አሁን በአሰላና በአካባቢዋ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ንድፍ ታወጣለች።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ? እትዬ ተናኘስ ደህና ናቸው?"

"ምን ደህና ትሆናለች። ነገ ልጃችን ማርያም ዘንድ ልትሄድ ነው፣ አቦምሳ። ክረምቱን ብቻ ነው ትላለች። እኔ ግን የምትመለስ አልመሰለኝም።"

"ከዚያ ከሚያምር ቤት ወጥተው?"

"ከዚያ ከሚያምር ቤት።"

አቶ ወልደአማኑኤል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለዓመታት ሲያስቡት ኖረው፣ ዘንድሮ አዲሱን ቤታቸውን ጨርሰው በሰኔ መግቢያ ገቡበት። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው። አሮጌው የጭቃ ቤት ጓሮ ቀርቶ ማድ ቤት ሆነ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን ቀኑን ሙሉ ከማድ ቤቱ አይወጡም። ወደ ሳሎኑ የሚመጡት ማታ ብቻ ነው፤ እሱንም ፊታቸው እየጠቆረ።

"በረደኝ ነው የምትለው" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "እውነቷን ነው፣ ይበርዳል። ሴራሚኩ እግር ይበላል።"

"ሲሠሩት ምድጃ አላሰቡበትም?"

"የምን ምድጃ?"

"የእንጨት ምድጃ፣ ሳሎኑ ውስጥ። በር ያለው፣ ጭሱን በቱቦ አድርጎ በጣሪያ የሚያስወጣ።"

አዛውንቱ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን አልቆየም።

"ልጄ፣ እኔ ያን ቤት የሠራሁት ከጭስ ልገላገል ብዬ ነው። ያደግሁት በቆጂ ነው። እሳቱ ከቤቱ መሀል አይጠፋም ነበር። የእናቴን ዓይን ጭስ በላው። ኋላ ኋላ ልጆቿን የምትለየው በድምፅ ነበር። እኔ የመጨረሻ ልጇ ነኝ፤ ጢሜ ሲበቅል አላየችም። ታዲያ በስተርጅናዬ እሳት ሳሎኔ ውስጥ አስገባ ትይኛለሽ?"

  ሮሐ እርጥብ ጃኬቷን አጥፋ በክንዷ ላይ አደረገች።

"እናትዎን የጎዳቸው እሳቱ አይመስለኝም ጋሼ" አለች። "ጭሱ መውጫ ማጣቱ ነው። እኔም የምለው መውጫ እንስጠው ነው።"

"እሺ፣ ሰውስ? ጣሪያዬ ላይ ቱቦ ቆሞ ቢያይ ዳቦ ቤት ከፈተ አይለኝም? ደግሞ ዛፍ አትቁረጡ የምትሉን እናንተው አይደላችሁም?"

"እንላለን፤ አሁንም እላለሁ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ጓሮ ያለው እሳት መቼ ይጠፋል?"

"አይጠፋም። ተናኘ እሱን ተደግፋ አይደል የምትውለው።"

"ክፍት እሳት ሙቀቱን ለሰማይ ነው የሚሰጠው። የተዘጋ ምድጃ በጥቂት ደረቅ ፍልጥ ቤቱን ያሞቃል፤ ብረቱም ከጋለ ቶሎ አይበርድም። እንጨቱ ግን መድረቅ አለበት። እርጥብ ባህር ዛፍ ከከተቱበት ምድጃዬን እንዳይሰድቡብኝ።"

"የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ገዝቼ ነበር እኮ። መብራቱ ዝናብ ሲመጣ ይሄዳል፤ ብርዱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይመጣል።"

ሁለቱም ሳቁ።

"ታዲያ ማታ ማታ በምን ነው የምትሞቁት?"

"በከሰል ነዋ። መቼም ይህን ያህል አላዋቂ አታድርጊኝ፤ ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን ነው የምናስገባው።"

"መስኮቱስ?"

"ይዘጋል እንጂ፤ ሙቀቱ ይውጣ?"

የሮሐ ሳቅ ጠፋ። "ጋሼ፣ ወንበሩን ኋላ ይይዙታል፤ ዝናቡ ባያባራም ባጃጅ ይዘን ቤትዎ እንሂድ። እትዬን አንድ ነገር ልጠይቃቸው።"

ወይዘሮ ተናኘወርቅን ያገኟቸው ጓሮ፣ በአሮጌው ቤት እሳት አጠገብ ነው። የተዘጋጀው ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል።

"ነይ ግቢ የኔ ልጅ" አሉ። "ያ ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ነው። ሰው የሚኖረው እዚህ ነው።"

"እትዬ፣ ብርዱ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ያምዎታል?"

"ራሴን ይወቅረኛል። ልቤን ያጥወለውለኛል፤ ባለፈው እሑድማ አስታወከኝ። ወደ ጓሮ ስወጣ ይተወኛል። ቄስ ጠርተን ጠበል አስረጭተናል። ቤቱ አልወደደኝም ብዬ ተውኩት።"

"የሚያምዎ ከሰሉ ከገባ በኋላ ነው?"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ባላቸውን አዩ። "ሌላ ጊዜማ መች እገባለሁ።"

ሮሐ የነገሩን ምንነት በቀስታ አስረዳች። ከሰል ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ከፍም የሚወጣው ክፉ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያስታውካል፣ ካልታወቀበት እንቅልፍ የወሰደውን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል።

"እኔንም እኮ ራሴን ያመኛል" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "የመነጽሬ ነው ብዬ ነበር።" ግን ሽንፈቱ ቶሎ አልዋጥ አላቸው። "ቆይ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ስንኖር የሞቅነውስ ከሰል አይደለም? ያኔ ማን ታመመ?"

ሮሐ በጣቷ ወደ ላይ አመለከተች። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የቀን ብርሃን ይገባል። "ያ ምንድን ነው?"

"ቀዳዳ ነዋ። በየዓመቱ ልደፍነው እል ነበር።"

"በየዓመቱ አደርገዋለሁ እያሉ ስለተዉት ነው በሕይወት የኖራችሁት።"

ወደ አዲሱ ቤት ተሻገሩ። ሮሐ የአዛውንቱን እጅ ይዛ ከመስኮቱ ጠርዝ አስጠጋችው። ውጪ ነፋሱ ዛፍ ያጎነብሳል፤ በመዳፋቸው ላይ ግን እስትንፋስ እንኳ አልነካቸውም። መስኮቱ ሲገጠም ነፋስ የማያስገባ መሆኑን እያዞሩ ለሰው ያሳዩት እሳቸው ነበሩ። አሁን እጃቸውን ቶሎ አላነሡም።

"በረደኝ ባለችኝ ቁጥር" አሉ በመጨረሻ፣ "ፍም የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

"እንዳይበርደኝ ብለህ ነው" አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከኋላቸው። "ነገ ግን እሄዳለሁ። ያን ምድጃችሁን ሥሩት። ከሞቀ ትጠሩኛላችሁ፤ ካልሞቀ አቦምሳ ፀሐይ አለ።"

በማግስቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሄዱ። ከሰሉም በዚያው ቀን ደጅ ቀረ።

ሮሐ ምድጃውን ነድፋ ለብረታ ብረት ቤት ሰጠች። ሆዱ በወፍራም ላሜራ ተበየደ፤ በሩ ግጥም እንዲል ሆነ፤ ከኋላውና ከሥሩ ጡብ ተደረደረ። የቆመው ሳሎኑን ከመመገቢያው በሚለየው ግድግዳ በኩል ነው፤ ለሁለቱም እንዲደርስ። ቱቦው ኮርኒሱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሌላ ሰፊ ቱቦ አለበሰችው፣ የጋለው ብረት እንጨትና ጂፕሰም እንዳይነካ። ከዚያ ለምድጃው ቅርብ በሆነው የውጪ ግድግዳ ግርጌ ቀዳዳ አስበሳች።

"ነፋስ ላስገባ ነው ይህን ሁሉ የደከምኩት?" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

"እሳቱም ይተነፍሳል ጋሼ። ከደጅ ካልሰጡት ከእርስዎ ይወስዳል።"

ቱቦው ከጣሪያው በላይ ወጥቶ መጀመሪያ ያጨሰ ቀን ጎረቤታቸው አቶ ደመቀ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ዳቦው ስንት ሰዓት ይደርሳል?"

አቶ ወልደአማኑኤል ይህን ቀን ሲፈሩት ነበር። ሲመጣ ግን አላፈሩም።

"ግባና እይ" አሏቸው። "ጭሱን ሰማይ ላይ አየኸው? ድሮ በሰው ዓይን ውስጥ ነበር የሚያልፈው። እንጨቱ ከጓሮ እሳት ይልቅ ጥቂት ነው፤ ፈልጠህ በጣሪያ ሥር ካደረቅኸው። መብራት ሲጠፋ አንጨነቅም። ምድጃው ላይ ውኃ ይሞቃል። አንተ ግን ሁሉን ትተህ አንዱን ያዝልኝ፤ ከሰል አስገብተህ መስኮት አትዝጋ። ልጆችህ ራሳችንን አመመን ካሉህ ብርድ ነው አትበል።"

አቶ ደመቀ ቀልዳቸውን ረስተው ቱቦውን ሽቅብ ያዩ ጀመር። "የእኔ ቤት እኮ አልቋል፤ አሁንም ምድጃ ይገባለታል?" ብለው ጠየቁ።

"ይገባል። በቤቱ ንድፍ ላይ ከጅምሩ ቢታሰብ ግን ጣሪያዬ ባልተቀደደ።"

አቶ ወልደአማኑኤል ለባለቤታቸው ደውለው ምድጃው መሞቁን ነገሯቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ "አየዋለሁ" አሉ። የመጡ ዕለት አቶ ወልደአማኑኤል መናኸሪያ ወጥተው ጠበቋቸው። ከመኪናው ሲወርዱ በእጃቸው ያለው ትንሽ ዘንቢል ብቻ ነው። ሻንጣው የለም። አዛውንቱ ዘንቢሉን ተቀበሉ። ሻንጣዋን ትታ የመጣች ሴት ለማየት እንጂ ለመኖር እንዳልመጣች ገባቸው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከምድጃው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሩን ከፍተው ፍልጡን አዩ፤ መልሰው ዘጉት። ደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ወልደአማኑኤል ከጎናቸው ቆመው ፊታቸውን ይመለከታሉ።

"ራስሽን አመመሽ?"

"ገና አሁን መግባቴ አይደል?"

ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "ልብሽንስ?"

"ወልዴ፣ እሱን ተወውና ተቀመጥ። እንደ ነርስ አትቁምብኝ።"

ተቀመጡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ሴራሚኩ ላይ አሳረፉ፤ አነሡት፣ መልሰው አሳረፉት። እንዲሁ እንደተቀመጡ ዝናቡ አባራ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

"ማርያም፣ በሰላም ገብቻለሁ። አይ፣ ደህና ነኝ። አሁን የደወልኩት ለሻንጣው ነው። ነገ ለአሰላ መኪና ሾፌር ስጪልኝ።"